መጽሐፈ መድኃኒትና ባለቤቶቹ



አንድ መድኃኒት ዐዋቂ አባት ሲያርፍ፣ ልጆቹ ከመሬቱና ከከብቱ ሌላ በሣጥን ግርጌ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ መጽሐፍ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። መጽሐፉ የብራና ሊሆን ይችላል፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ የተማሪ ደብተርም ሊሆን ይችላል። በውስጡ የበሽታ ስም፣ የዕፀዋት ስም፣ ጸሎት፣ አንዳንድ ጊዜም ከሟቹ በቀር ማንም የማይፈታው ምልክት ይገኝበታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደ ቤተሰቡ ነው። አንዱ «የጠንቋይ ነገር ነው» ብሎ ያቃጥለዋል፤ አንዱ ለማያውቀው መንገደኛ በጥቂት ብር ይሸጠዋል፤ ሌላው ደግሞ ከአባቱ አንዳች ሳይማር መጽሐፉን ብቻ ተማምኖ ጎረቤቱን ማከም ይጀምራል። ከሦስቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚጎዳ መናገር ያስቸግራል።

በኦፋ ወረዳ በገሱባም ሆነ በሌሎች የወላይታ ቁምስናዎች የሚያገለግል ካቴኪስት፣ «ይህን መጽሐፍ ምን እናድርገው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የነፍስም የሥጋም ጉዳይ አለበትና። ስለዚህ በዚህ ትምህርት መጽሐፈ መድኃኒት ምን እንደ ሆነ፣ እነማን እንደ ጻፉትና እንዴት ከእጅ ወደ እጅ እንደ ተላለፈ፣ በመጨረሻም በእጁ የገባለት ሰው ምን ቢያደርግ እንደሚበጅ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መጽሐፉ ምን ይመስላል?

መጽሐፈ መድኃኒት ወይም መጽሐፈ ፈውስ የሚባለው መጽሐፍ ከመዝሙረ ዳዊትና ከድርሳናት ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ባለቤቱ ይዞት ስለሚዞር ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ይዘጋጃል። ቋንቋው በአብዛኛው አማርኛ ሲሆን፣ ርእሱና ጸሎቱ ግእዝ ሊሆን ይችላል። ይህም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በግእዝ በሚጻፉበት ዘመን መድኃኒት ጸሐፊው አማርኛን የመረጠው ዕፁን የሚቈርጠው፣ የሚወቅጠውና የሚጠጣው ሰው የሚናገረው ቋንቋ ስለ ሆነ ይመስላል።

አጻጻፉ አጭር ነው። «ለ» በሚለው ፊደል ይጀምራል፦ ለቍርጥማት፣ ለሆድ ቍርጠት፣ ለዐይን ሕመም፣ ለእባብ ንክሻ፣ ለኮሶ፣ ለቂጥኝ፣ ለእብድ ውሻ፣ ለሚጥል በሽታ፣ ልጅ ላጣች ሴት። ቀጥሎ የዕፁ ስም ይመጣል፤ ሥሩ ይሁን ቅጠሉ፣ ልጡ ይሁን ፍሬው የሚወሰደው ይነገራል፤ ከማር ወይም ከቅቤ፣ ከጠላ ወይም ከወተት ጋር እንዲደባለቅ ይታዘዛል። ለአንድ በሽታ ከአንድ በላይ መድኃኒት ሲኖር «ዓዲ» ወይም «ካልእ» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። በሥራ የታየ መሆኑን ለማመልከትም «ፍቱን» የምትል ቃል ትጨመራለች። ጸሐፊው ይህችን ቃል በአንዱ ላይ አስፍሮ በሌላው ላይ ሲተዋት፣ ከሌላ የገለበጠውን ራሱ ከፈተነው እየለየ መሆኑ ነው። ዛሬ በየገበያው በድምፅ ማጉያ ሁሉን በሽታ በአንድ ጠርሙስ እናድናለን የሚሉት ሰዎች ይህን ያህል ጥንቃቄ ቢኖራቸው መልካም በሆነ ነበር።

መስፈሪያው የቤት ዕቃ ነው። በሦስት ጣት የሚቈነጠር፣ በእንቍላል ቅርፊት የሚሞላ፣ በስኒ ወይም በዋንጫ የሚለካ ይላል። መድኃኒቱ ብርቱ ከሆነ ዐዋቂው «ማርከሻውን» አብሮ ያዘጋጃል፤ ይኸውም የመድኃኒቱን ኀይል የሚያበርድ ምግብ ወይም መጠጥ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ የጥንት ሐኪሞቻችን መድኃኒት ሊገድልም እንደሚችል ጠንቅቀው ያውቁ እንደ ነበረ ነው። ማርከሻ የሌለውን መድኃኒት የሚሰጥ ሰው በእነርሱም ዘንድ ሙያ አለው አይባልም።

የዕፁ አቈራረጥም ሥርዓት አለው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ይቈረጣል፤ ቈራጩ እህል ሳይቀምስ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር በማለዳ ይወጣል፤ የሰባት ዐይነት ዕፅ ቅጠል ይሰበሰባል፤ እንዲህ ያለው ትእዛዝ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ይደጋገማል። ከትእዛዞቹ መካከል ለጥቅም የዋሉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ በማለዳ የተቈረጠ ቅጠል በቀትር ፀሐይ ከጠወለገው ይሻላልና። ሰባት ቍጥርና ዝምታው ግን የመድኃኒት ሙያ አይደሉም።

ወደ ዋናው ችግር የምንደርሰው እዚህ ላይ ነው። በዚያው መጽሐፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ገጽ፣ ከሆድ መድኃኒት ቀጥሎ መፍትሔ ሥራይ ይመጣል፤ ከዚያም በዳኛ ፊት ሞገስ ለማግኘት፣ በጌታ ዘንድ ለመወደድ፣ ጠላትን ለማባረር የሚል ይከተላል። በመካከላቸው መስመር አልተሰመረም። ለጸሐፊው ሁሉም «መድኃኒት» ነው፤ ሰውን ከሚያስጨንቀው ነገር የሚያወጣ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራል። መስመሩን ማስመር ለአንባቢው የተተወ ሥራ ነው።

ባለቤቶቹ እነማን ነበሩ?

ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹን የጻፉትና የያዙት ደብተሮች ናቸው። ደብተራ ዜማ፣ ቅኔና አቋቋም የተማረ፣ ክህነት ግን ያልተቀበለ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። ደብተራ ሁሉ መድኃኒተኛ እንዳልሆነ መናገር ይገባል፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በማኅሌት የፈጸሙ ሊቃውንት ናቸው። ነገር ግን ማንበብና መጻፍ የጥቂቶች ሙያ በነበረበት ዘመን፣ የመንደሩን ሕመም በጽሑፍ ሊያኖር የሚችለው ሰው ከእነርሱ መካከል ይገኝ ነበር።

የጥንት የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ገጽ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ መጽሐፉን የሰረቀና ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆንም ይጨመርበታል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የቀድሞው ስም በቢላዋ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም በላዩ ተተክቶ ይታያል። አንዳንዱ መጽሐፍ እንዲህ ሁለትና ሦስት ባለቤት አልፎበታል። ግዝቱ ሳይፋቅ የተገዘተበት ስም ብቻ የተፋቀበትም አለ፤ አዲሱ ባለቤት ግዝቱን ለራሱ ሳይፈልገው አልቀረም።

መድኃኒት ዐዋቂው ከግዝትም ሌላ መከላከያ ነበረው፤ እርሱም ምስጢር ነው። አንዳንዱ የዋናውን ዕፅ ስም ፊደላቱን ገልብጦ ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ ከጽሑፉ አንዱን ነገር አስቀርቶ በቃሉ ብቻ ይይዘዋል። ሲያረጅ ከልጆቹ መካከል አንዱን መርጦ ለእርሱ ብቻ ይነግረዋል። ለዚህ ሁለት ምክንያት ይሰጣል፤ አንደኛው መድኃኒቱ በአደባባይ ሲነገር ኀይሉን ያጣል የሚል እምነት ነው፤ ሁለተኛው፣ በግልጽ ባይነገርም፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ያላዋቂ እጅ እንዳይገባ መጠበቁም ሦስተኛ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም በንቀት ልናየው አይገባም። ነገር ግን የተመረጠው ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ቢሞት፣ ወይም ለሥራ ርቆ ቢሄድ፣ መጽሐፉ ቍልፍ የሌለው ቤት ይሆናል። የተጻፈው ይነበባል፤ የሚያድነው ግን ያልተጻፈው ሊሆን ይችላል።

ይህን ልማድ የሰበሩ አባቶችም ነበሩ። በደጋ ዳሞት የነበሩት ግራዝማች ገብረ ወልድ አረጋኸኝ የጻፉት የመድኃኒት መጽሐፍ በታሪክ ተመራማሪዋ በፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ አማካይነት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታትሞ ወጥቷል። በዚህ ዐይነት የአንድ ሰው ዕውቀት ከጸሐፊው ስም ጋር፣ ስሙ ሳይፋቅ፣ ለማንኛውም አንባቢ ቀረበ። (የጎጃሙ ደጋ ዳሞትና የእኛው የዳሞታ ተራራ በስም መመሳሰላቸውን ለታሪክ ዐዋቂዎች እንተወዋለን።)

ሌሎች መጻሕፍት ደግሞ ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በሀገራችን ለዐሥር ዓመታት ያህል ተዘዋውሮ ከሁለት መቶ በላይ የብራና መጻሕፍት ሰብስቧል፤ ዝርዝራቸውንም በ1859 አሳትሟል፤ መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ። ሌላው ፈረንሳዊ ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 በፓሪስ አሳተመ። ከሁሉ ይልቅ በዚህ ሥራ የደከመው የፖላንድ ተወላጁ ስቴፋን ስትሬልሲን ነው። በ1968 በዋርሶ የኢትዮጵያን የመድኃኒት ድርሳናት ከትርጕም ጋር አወጣ፤ በ1973 ደግሞ በኔፕልስ ስለ ዕፀዋት ስሞችና ጥቅም ያደረገውን ጥናት አሳተመ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ያስፈለገበት ምክንያት ለእኛም ትምህርት አለው። መጽሐፈ መድኃኒት የሚነግረን የዕፁን ስም ብቻ ነው፤ ሥዕሉን አያሳየንም። ስም ደግሞ ከአገር ወደ አገር ይለዋወጣል። «የምች መድኃኒት» ሲባል በብዙ ሥፍራ ዳማ ከሴ ማለት ነው፤ በሌላ ሥፍራ ግን ሌላ ቅጠል በዚያው ስም ሲጠራ ይሰማል። ስለዚህ በጎጃም የተጻፈ መጽሐፍ በገሱባ ሲነበብ፣ አንባቢው ትክክለኛውን ቃል አንብቦ የተሳሳተውን ቅጠል ሊቈርጥ ይችላል። ስትሬልሲን መጻሕፍቱን ከተረጐመ በኋላ ስሞቹን ከዕፀዋቱ ጋር ለማገናኘት የደከመው ይህ ባይሆን ትርጕሙ ለሕመምተኛም ሆነ ለሐኪም ስለማይረባ ነው።

በወላይታ ያለው ሁኔታ

በወላይታ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የወላይታ ቋንቋ በጽሑፍ መዋል የጀመረው በሃያኛው ምእት ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት የአካባቢው የሕክምና ዕውቀት ከአፍ ወደ አፍ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ወጌሻው አጥንት መጠገንን ያባቱን እጅ አይቶ ይማራል። ለተሰበረ ሰው ተለይቶ የሚሰጠው የእንሰት ዝርያ በእናቶች ጓሮ ይታወቃል። በቆላው በኩል ሽፈራው ለምግብም ለመድኃኒትም ይተከላል። ይህ ሁሉ መጽሐፍ አልነበረውም፤ ጓሮው ራሱ መጽሐፍ ነበር።

በ1894 የአፄ ምኒልክ ጦር ንጉሥ ጦናን ድል አድርጎ ወላይታን ከያዘ በኋላ ከሰሜን ወታደሩም ካህኑም መጥቶ ሠፈረ። በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትም ከካህናቱ ጋር መጡ። እንግዲህ በአካባቢያችን ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ፤ አንደኛው በጽሑፍ ያለ ነገር ግን ዕፀዋቱ በሌላ አገር የተለቀሙ፣ ሁለተኛው ዕፀዋቱ በደጃችን ያሉ ነገር ግን ያልተጻፈ። ፊደል የቈጠረ የወላይታ ልጅ የአያቱን መድኃኒት በትምህርት ቤት ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ሁለቱን ወንዞች ያገናኛል። እንዲህ ያለ ደብተር ብራና ስላልሆነ ብቻ ዋጋ እንደ ሌለው አድርጎ ማየት አይገባም። እንዲያውም ከዚያ ሌላ በየትም ያልተመዘገበ ነገር ሊኖርበት ይችላል።

የእኛዎቹ ሚስዮናውያንም ከዚህ ጉዳይ ርቀው አልኖሩም። ከላይ የጠቀስነው ዳባዲ ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ሚስዮናውያን እንዲልኩ አሳስቦ ነበር፤ በዚሁ ምክንያት ካፑቺናዊው ጉልዬልሞ ማሳያ፣ በሀገራችን አጠራር አቡነ ማስያስ፣ በ1846 ተሾሙ። እርሳቸው በጉዱሩ፣ በከፋና በሸዋ ሲያገለግሉ የፈንጣጣን ክትባት ይሰጡ ስለ ነበር ስማቸው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በ1879 ከሀገር ወጡ፤ በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ ያዩትንና የሠሩትንም በዐሥራ ሁለት ጥራዝ ጽፈው አኖሩ። ሰው ወደ እርሳቸው የመጣው መጀመሪያ ልጁን ከፈንጣጣ ለማዳን እንጂ ስብከት ለመስማት አልነበረም። እርሳቸውም በዚህ አልተቈጡም።

ከሜክሲኮ ወደ ቫቲካን፣ ከቫቲካን ወደ ሜክሲኮ

የመድኃኒት መጽሐፍና የባለቤቶቹ ነገር ሲነሣ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ መናገር ያስፈልጋል። በሜክሲኮ፣ በትላቴሎልኮ፣ ፍራንቸስካውያን መነኰሳት ለአገሬው ልጆች በ1536 የቅዱስ መስቀል ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። በዚያ ማርቲን ዴ ላ ክሩዝ የሚባል የአገሬው ተወላጅ ሐኪም ይሠራ ነበር። የተማረው ከአባቶቹ ልምድ እንጂ ከአውሮፓ ትምህርት ቤት አልነበረም። ከ1545 እስከ 1548 ታላቅ ወረርሽኝ ሕዝቡን ከፈጀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1552፣ ይህ ሐኪም የሚያውቀውን በናዋትል ቋንቋ ገለጸ። በዚያው ኮሌጅ የሚያስተምረው ሁዋን ባዲያኖ፣ እርሱም የአገሬው ተወላጅ፣ ወደ ላቲን መለሰው። ከ180 በላይ ዕፀዋት ከነሥራቸው በቀለም ተሣሉበት። እንግዲህ የእኛ መጻሕፍት ያጡትን ሥዕል ይህ መጽሐፍ አግኝቶ ነበር።

መጽሐፉ የተዘጋጀው ለስፔን ንጉሥ ለመላክ ነበር፤ ወደ ስፔንም ተሻገረ። በዚያ ግን ማንም አልተጠቀመበትም። በአሥራ ሰባተኛው ምእት ዓመት የንጉሡ መድኃኒት ቀማሚ ዲዬጎ ዴ ኮርታቪላ ስሙን ጻፈበት፤ ከእርሱ ወደ ካርዲናል ፍራንቸስኮ ባርቤሪኒ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ የባርቤሪኒ ቤተ መጻሕፍት በ1902 ወደ ቫቲካን ሲጠቃለል እርሱም አብሮ ተጠቃለለ። በ1929 አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ መደርደሪያ ላይ አገኘው። በ1990 ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሜክሲኮን ሲጐበኙ መጽሐፉን ለአገሩ መለሱ። ዛሬ በሜክሲኮ ከተማ በብሔራዊው የሥነ ሰብእና የታሪክ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በመካከሉ ያለፈው ዘመን ከ430 ዓመት ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መጽሐፉን የያዙት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ በክብር ጠበቁት፤ ነገር ግን ከእነርሱ መካከል አንዳቸውም እነዚያን ቅጠሎች በዐይናቸው አላዩም። የማርቲን የናዋትል ቃል ግን ጠፍቶ ቀርቷል፤ የደረሰን ትርጕሙ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ ዕውቀትን ሳይወስዱ የመጠበቅ ምሳሌ አለን። በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ በአሜሪካ ሚኔሶታ የሚገኘው የቤነዲክታውያን የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የመጻሕፍት ማእከልና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች ጋር ተባብረው በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አነሡ። የመጽሐፉ ምስል ተወሰደ፤ መጽሐፉ ራሱ ለባለቤቱ ተመለሰ። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን ያጠኑትና ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት በ2021 ያረፉት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው።

የዕፀዋቱን ዕውቀት በተመለከተ ደግሞ የእንዶድን ነገር ማስታወስ ይበቃል። እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበትን እንዶድ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሲመለከቱ፣ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ ተሸካሚ ስለ ሆነ ግኝቱ ታላቅ ነበር፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። ጥቂት ቈይቶ፣ በ1990ዎቹ፣ በአሜሪካ የሚገኝ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ዛጎል ላለው ለሌላ የውኃ እንስሳ ማጥፊያ ለማዋል የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ብዙ ክርክርም አስነሣ። ሀገራችን በ2006 ባወጣችው አዋጅ ቍጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት የማኅበረሰቡ መሆኑን ደንግጋለች። ስለዚህ አንድ ካቴኪስት የአንዲት ባልቴትን መድኃኒት በስልኩ ቀርፆ ለማንም ከመላኩ በፊት የማን ንብረት እንደ ሆነ ቢያስብ ይገባዋል።

መጽሐፉ በእጅ ሲገባ

በመጀመሪያ፣ አይቃጠል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። ስለዚህ ለሳል የተጻፈን የቅጠል መድኃኒት የሰይጣን ሥራ ማለት ከቅዱስ መጽሐፍ ትምህርት ጋር አይስማማም። ነገር ግን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2117 ክታብ መያዝን ይነቅፋል፤ ባህላዊ ሕክምናም ክፉ ኀይላትን ለመጥራትና የሰውን የዋህነት ለመበዝበዝ ምክንያት ሊሆን እንደማይገባው ይናገራል። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ስላሉ ለይቶ ማንበብ የመምህሩ ድርሻ ነው። ቅጠሉን ከክታቡ፣ ጸሎቱን ከድግምቱ የሚለየው ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚህ ገጽ ላይ ያለው ነገር የታመመን ሰው ይረዳል ወይስ ሌላውን ሰው ይገዛል? ለጠላት ማባረሪያ፣ ለሰው ማስወደጃ የተጻፈው ሁለተኛው ነው። ለታሪክ ይቀመጥ፤ ለሥራ ግን አይዋል።

ሁለተኛው ነገር የሰው ሕይወት ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንናገረዋለን። «ፍቱን» የተባለው ሁሉ አያድንም። በመጻሕፍቱ ውስጥ ለእብድ ውሻ በሽታ ብዙ መድኃኒት ይገኛል፤ እውነቱ ግን የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ በሽተኛው ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይሞታል። ጥንት «ድኗል» የተባለው ሰው፣ የነከሰው ውሻ በሽታው ያልነበረበት ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ሕፃን በውሻ ሲነከስ ቍስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ወስዶ ክትባቱን ማስጀመር ያስፈልጋል። የአባት መጽሐፍ ይህን ጊዜ ከበላው የሕፃኑን ሕይወት በላው ማለት ነው።

ኮሶ ትሉን በእርግጥ ያወጣል፤ በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ዝናው አውሮፓ ድረስ ደርሶ የዕፁ ስም ለብሬየር፣ በቍስጥንጥንያ ለነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም፣ መታሰቢያ ሆኖ ነበር። ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ሴትም አደገኛ ነው። አስተናግር፣ በሌላ ስሙ ዐፄ ፋሪስ፣ ከዚህ የባሰ ነው፤ ጥቂት ፍሬው አእምሮን ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል። በእንቍላል ቅርፊት የተለካ መጠን ዐዋቂው በሕይወት ሳለ በእጁ ልምድ ይታረም ነበር፤ እርሱ ከሞተ በኋላ የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው።

በወላይታ ብዙ ሰው የሚሠቃይበት የእግር እብጠትም እንዲሁ ነው። የቤተሰብ እርግማን እየተባለ ለመፍትሔው ክታብ ሲጻፍለት ኖሯል። ነገር ግን አንዱ ዐይነት በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣ መሆኑ ታውቋል፤ በዘር ለበሽታው የሚጋለጡ ቤተሰቦች መኖራቸውም በጥናት ታይቷል። ስለዚህ በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው መታመሙ እርግማንን አያመለክትም። ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከሉታል፤ የጀመረውንም ያቀልሉታል። ታማሚውን ከጋብቻና ከማኅበር ማግለል ግን ምንም መሠረት የለውም፤ በዚህ ላይ ካቴኪስቱ በየጸሎት ቤቱ ደጋግሞ ቢናገር ከብዙ ቅጠል የበለጠ ያድናል።

ሦስተኛው ሥራ መመዝገብ ነው። ቤተሰቡ ከፈቀደ እያንዳንዱ ገጽ በቀን ብርሃን፣ ከመጽሐፉ አጠገብ ማስመሪያ ተቀምጦ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ። ብራናው በፕላስቲክ አይታሸግ፤ እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከጭስና ከአይጥ ርቆ ይቀመጥ። በደበዘዘ ፊደል ላይ ማንም በእስክሪብቶ አይድገምበት። የተፋቀ ስም ካለም እንዳለ ይተው፤ እርሱም የመጽሐፉ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ከቤተሰቡ እጅ እንዲወጣ ማንም፣ ካህንም ቢሆን፣ አያስገድድ።

ከዚያ ይልቅ የሚከብደው ያልተጻፈውን መመዝገብ ነው፤ ለዚህም ጊዜው አጭር ነው፤ ዕፁን በዐይናቸው የሚያውቁት ሰዎች አርጅተዋልና። በገሱባ ዙሪያ የሚገኝ መምህር ከአንድ አረጋዊ ጋር ወደ ጓሮና ወደ ወንዝ ዳር ቢወጣ፣ ለእያንዳንዱ ዕፅ በወላይትኛና በአማርኛ ስሙን፣ የሚበቅልበትን ሥፍራና የትኛው ክፍሉ ለምን እንደሚውል ቢጽፍ፣ የነገረውንም ሰው ስም በፈቃዱ ቢያሰፍር፣ የተሟላ ነገር ሠራ ማለት ነው። ከቅጠሉና ከአበባው ጋር አንድ ቅርንጫፍ ይቈረጥ፤ በጋዜጣ መካከል ተጋድሞ ከባድ ነገር ይጫንበት፤ ወረቀቱ በየቀኑ እየተለወጠ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ስሙና ቀኑ በጫፉ ላይ ይጻፍ። እንዲህ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ስሙ በየአገሩ ቢለዋወጥም፣ የዕፀዋት ምሁር የትኛው ዕፅ እንደ ሆነ ሊለየው ይችላል።